ሰርተፊኬቱን ካያችሁ በኋላ ስዊች ፊት አስቀምጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የሥራ ማስታወቂያ ገጾች ላይ «የኔትወርክ ባለሙያ» የሚል ክፍት የሥራ መደብ በወጣ ቁጥር፣ ከትምህርት ደረጃውና ከሥራ ልምዱ ቀጥሎ «ሲሲኤንኤ ሰርተፊኬት ያለው/ያላት» የሚል መስፈርት ማየት የተለመደ ሆኗል። ሲሲኤንኤ ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያዎች አምራች በፈተና የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ ነው። እኔ በኔትወርክ ሥራ 15 ዓመት የቆየሁ ባለሙያ ስሆን፣ በመሥሪያ ቤታችን ለዚህ የሥራ መደብ የሚያመለክቱ ወጣቶችን ከሚፈትኑት ባልደረቦች አንዱ ነኝ፤ ማታ ማታም ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መስፈርቱ ይሰረዝ ለማለት አይደለም። ሰርተፊኬቱን የሚያስገኘው የማለፊያ ነጥብ ስለ አንድ ሰው ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ብዙዎቹ ቀጣሪዎቻችን ባለማጤናቸው፣ በሐቅ ያጠኑ ልጆች ሲጎዱ በተደጋጋሚ በማየቴ ነው።

በዓይኔ ካየሁት ልጀምር። ከተወሰነ ጊዜ በፊት ለአንድ የጀማሪ ባለሙያ መደብ ሁለት ወጣቶች ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። ሁለቱም ሲሲኤንኤ አላቸው። የልጁ የውጤት መግለጫ በየክፍሉ ያገኘውን መቶኛ ሲያሳይ ከ90 በታች የወረደበት ክፍል አልነበረም፤ የልጅቷ ግን በአብዛኛው በ60ዎቹና በ70ዎቹ ውስጥ የሚዋልል፣ ለጥቂት ያለፈች የሚያስመስል ውጤት ነበር። በቃል ጥያቄው ላይም ልዩነቱ ያንኑ ይመስል ነበር። (ከዚህ በታች «ስላሽ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የኔትወርኩን ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኔትወርኩ ይሰፋል።) «192.168.10.0 ስላሽ 26 ለስንት ኮምፒውተር ይበቃል?» ስንለው ልጁ ጥያቄው ሳያልቅ «62» አለ። ልጅቷ ወረቀት ለምና፣ 64 ብላ ጽፋ፣ ለኮምፒውተር የማይሰጡትን ሁለት አድራሻዎች ቀንሳ ነው 62 ላይ የደረሰችው። አንድ ኮምፒውተር የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ማለትም አድራሻ ከሚያድለው ማሽን፣ የሚቀበልባቸውን አራት ደረጃዎች ስንጠይቀውም ልጁ ዲስከቨር፣ ኦፈር፣ ሪኩዌስት፣ አክኖሌጅመንት ብሎ እንደ ውዳሴ ማርያም አወረደልን።

ከዚያ አንድ ባልደረባዬ አንዲት ቁጥር ብቻ ለወጠ። «አንድ ፎቅ ላይ 70 ኮምፒውተር አለ እንበል፤ ያው ስላሽ 26 ይበቃል?» ልጁ ዝም አለ። ወደ ሰፊው ስላሽ 25 መሄድ እንዳለበት፣ ያኔም 126 አድራሻ እንደሚያገኝ ለማስላት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በፊት ከራሱ አፍ የወጣ ነበር። እሱ ግን 62ን የሚያውቀው የአንድ ጥያቄ መልስ አድርጎ እንጂ የአንድ ስሌት ውጤት አድርጎ አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው ወሰድናቸው፤ በየተራ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ጠረጴዛው ላይ ባለ 24 ፖርት ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በእርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) እና ሁለት ላፕቶፖች አሉ። ኔትወርኩ በ10.20.5 የሚጀምር አድራሻ ያድላል። ከካቢኔው ኋላ ግን ለቤት የሚገዛ አንድ ተራ የዋይፋይ ራውተር በላን ፖርቱ በኩል ከስዊቹ ጋር ተገናኝቷል። ይህ መሣሪያ እንደ ፋብሪካ ልማዱ ራሱ አድራሻ የሚያድል በመሆኑ፣ ላፕቶፑ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ሲጣራ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል፤ የቤቱ ራውተር ከቀደመ ላፕቶፑ በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ ይይዝና ኢንተርኔት የማይደርስበት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን መልመጃ ከራሳችን አናት አላፈለቅነውም። አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ዋይፋዩ ጠረጴዛው ድረስ አልደርስ ስላለው ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ሰካው፤ እሱ ለበጎ ያደረገው ነገር የአንድ ቅርንጫፍ ሥራ ለግማሽ ቀን እንዲቆም፣ ደንበኞችም ተሰልፈው እንዲመለሱ ምክንያት ሆነ። ለተፈታኞቹ የምንነግራቸው «አንዱ ላፕቶፕ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፤ 30 ደቂቃ አላችሁ» ብቻ ነው።

ልጁ መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ኬብል ቀየረ። ፖርት ቀየረ። የአይፒ አድራሻውን የሚያሳየውን መስኮት ሦስት ጊዜ ከፍቶ፣ 192.168.0.103 የሚለውን ቁጥር ሦስቴ አይቶ፣ ሦስቴም ዘጋው። ቁጥሩ ለእሱ አንዳች የሚናገረው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ «ስዊቹ ሳይበላሽ አይቀርም» አለን። ልጅቷ ግን ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይቅርታ፣ የዚህ ቢሮ አይፒ በስንት ነው የሚጀምረው?» የሚል ነበር። መልሱን ስትሰማ ሁለቱን ላፕቶፖች አነጻጸረች፤ አንዱ ላፕቶፕ አድራሻውን ከማን እንደተቀበለ የሚገልጸውን መስመር ፈልጋ አገኘች፤ የዚያን እንግዳ ሰርቨር የማክ አድራሻ (መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን መለያ ቁጥር) ወረቀት ላይ ጻፈች። ከዚያ ስዊቹ ውስጥ ገብታ ያ ማክ አድራሻ በየትኛው ፖርት እንደሚታይ ለማየት ስትሞክር ትእዛዙ ጠፋት። የጥያቄ ምልክት እየመታች ስዊቹ ራሱ የሚያሳያትን ዝርዝር ቃል በቃል ተከትላ ደረሰችበት፤ ፖርት 17 ነበር። ኬብሉን በእጇ ይዛ እስከ ካቢኔው ኋላ ተከተለችና ነቀለችው። 22 ደቂቃ ፈጀባት።

ፈተናው ካለቀ በኋላ ልጁን «እንዲህ ዓይነቱ ነገር እንዳይደርስ ስዊቹ ላይ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ያልተፈቀደ መሣሪያ አድራሻ እንዳያድል የሚያግደውን፣ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን መከላከያ፣ ከትርጉሙ ጋር፣ አንድ ቃል ሳይዛነፍ ነገረኝ። ችግሩ 30 ደቂቃ ሙሉ ፊቱ ተቀምጦ አላወቀውም፤ የመድኃኒቱን ስም ግን ያውቃል። ይህን የምጽፈው ልጁን ለማሳነስ አይደለም፤ ያን ሁሉ በቃሉ የያዘ ጭንቅላት ሰነፍ ሊባል አይችልም። በቅንነትም ነግሮናል፤ የተዘጋጀው ለሁለት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ ያጠናውም ዳምፕ ነበር።

ዳምፕ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ፈተናውን የወሰዱ ሰዎች ያስታወሷቸውን ወይም በሌላ መንገድ የወጡ እውነተኛ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ሰብስቦ በፒዲኤፍ የማሰራጨት ንግድ ነው። በከተማችን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ልጆቹ እርስ በእርስ የሚጠያየቁትም «ገባህ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ቫሊድ ነው ወይ?» ብለው ነው፤ ያ ማለት ጥያቄዎቹ አሁንም በፈተናው ላይ ይመጣሉ ወይ ማለታቸው ነው። ድርጊቱ በሲስኮም ሆነ በሌሎቹ ፈታኞች ደንብ የተከለከለ፣ ሰርተፊኬትን እስከማሰረዝ የሚያደርስ ጥፋት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማለፊያ ነጥቡን ትርጉም ከሥሩ የሚነቅል መሆኑ ነው።

የሲሲኤንኤ ፈተና 120 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለ ኔትወርክ መታወቅ ያለበትን ሁሉ መጠየቅ አይቻልም። ፈታኙ የሚያደርገው እህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ ያላየውን ኩንታል ባየው እፍኝ ይገምታል። ስለዚህ የማለፊያ ነጥብ ዋና ቁም ነገሩ ስላልተጠየቀው ነገር የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ሻጩ እፍኙ ከየት እንደሚዘገን አስቀድሞ አውቆ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ማኛ ጤፍ ቢያስቀምጥ፣ ገዢው መዳፍ ላይ ያለው ጤፍ እውነተኛ ማኛ ነው፤ ስለ ጆንያው ግን ምንም አይናገርም። በዳምፕ የተገኘ ከፍተኛ ነጥብም እንዲሁ ነው። መልሶቹ በሙሉ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰውዬው የሚያውቀው ግን እነዚያኑ ብቻ ነው።

በሐቅ የተገኘ ነጥብም ቢሆን ቀጣሪዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው። የማለፊያ ነጥብ ሲወሰን ባለሙያዎች ተሰብስበው ለየጥያቄው «ለሥራው ለጥቂት የሚበቃ ሰው ይህን የመመለስ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» እያሉ መገመታቸው የተለመደ አሠራር ነው። ማለፍ ማለት እንግዲህ ደፉን መርገጥ እንጂ ጓዳውን ማወቅ አይደለም። ቁጥሮቹም መቶኛ አይደሉም። ሲስኮ ውጤት የሚለካው ከ300 እስከ 1000 በሚደርስ ሚዛን ሲሆን የማለፊያ ነጥቡን በይፋ አይገልጽም። ኮምፕቲያ የተባለው ሌላ ፈታኝ የሚሰጠው የኔትወርክ ፕላስ ፈተና ማለፊያ ከ100 እስከ 900 በሚደርስ ሚዛን 720 ነው፤ ይህን ለ900 አካፍሎ «80 በመቶ አምጥቻለሁ» ብሎ በሲቪው ላይ የጻፈ አመልካች ገጥሞኛል፤ ሚዛኑ ከ100 የሚጀምርና የጥያቄዎቹን ክብደት ለማስተካከል የተበጀ በመሆኑ ስሌቱ ትርጉም የለውም። የሁዋዌ ኩባንያ ኤችሲአይኤ የተባለው ፈተና ማለፊያ ደግሞ ከ1000 ውስጥ 600 ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማን ይበልጣል?» የሚል የሰው ሀብት ክፍል ከንቱ ይደክማል። በዚያ ላይ የሚቆጠረው ድምር ነው፤ በሲሲኤንኤ የደኅንነት ክፍል ከጠቅላላው 15 በመቶውን ይይዛል፣ ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ መረጃ የማስተላለፍ ክፍል ደግሞ 25 በመቶውን ይይዛል፤ በአንዱ የደከመ በሌላው ሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል።

ጥፋቱን ሁሉ በወጣቶቹ ላይ መጫን ግን ሕሊናዬ አይፈቅድም። የሲሲኤንኤ ፈተና ዋጋ 300 ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ተመን 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ሆኗል። ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው። የወደቀ ሰው አምስት ቀን ቆይቶ እንደገና መፈተን ይችላል፤ ነገር ግን እንደገና ከፍሎ ነው። ታናናሾቹን የሚረዳ፣ ከዘመድ ተበድሮ የተመዘገበ ልጅ በመጨረሻዋ ሳምንት ዳምፕ ሲላክለት የሚያድርበትን ፈተና እረዳለሁ። አንዳንድ ማሠልጠኛዎችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ስለ ማለፍህ አታስብ፣ እኛ አለን» እያሉ ይመዘግባሉ፤ ተማሪው አንዲት ስዊች በእጁ ሳይነካ ኮርሱን ይጨርሳል። ወጣቱ ያደረገው ገበያው የጠየቀውን ማቅረብ ነው፤ ገበያው የጠየቀው ወረቀት ነበር።

ወረቀት የሚጠይቀውም ቀጣሪው ብቻ አይደለም። የጨረታ ሰነዶቻችንን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለኔትወርክ ዝርጋታ የሚወዳደር ድርጅት ይህን ያህል ሲሲኤንኤ፣ ይህን ያህል ሲሲኤንፒ (ከሲሲኤንኤ ከፍ ያለ የሲስኮ ማረጋገጫ) ያላቸውን ባለሙያዎች ሲቪና የሰርተፊኬት ቅጂ እንዲያያይዝ ይጠየቃል፤ ገምጋሚዎቹም ቅጂዎቹን ቆጥረው ነጥብ ይሰጣሉ። ሥራው ሲጀመር ኬብሉን የሚዘረጋውና ስዊቹን የሚያስተካክለው ሰው ስሙ በሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን የሚያጣራ ብዙም አላጋጠመኝም።

ነገሩ በእኛ አገር አልተጀመረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ ኤምሲኤስኢ የተባለው የማይክሮሶፍት የሰርቨር ባለሙያዎች ሰርተፊኬት ተፈላጊነቱ ሲንር፣ ሰርቨር ነክተው የማያውቁ ሰዎች ጥያቄ እየሸመደዱ ያልፉ ጀመር፤ የሙያው ሰዎችም «የወረቀት ኤምሲኤስኢ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ጥፋት በሌለባቸው ላይ ጭምር ተለጠፈ፤ ለዓመታት በሰርቨር ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎችም ያንን ሰርተፊኬት በሲቪያቸው ላይ ሲያሳዩ በጥርጣሬ ይታዩ ነበር። እኔ የምፈራው ይኸው በእኛ ልጆች ላይ እንዳይደርስ ነው። እነዚህ ፈተናዎች በዋጋቸው ውድ ቢሆኑም አንድ ትልቅ መልካም ነገር አላቸው፤ ተፈታኙ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቁም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ፣ የሚያስተዋውቀው ዘመድ ሳይኖረው፣ በካፌ ዋይፋይ አጥንቶ ያለፈ ልጅ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ጋር እኩል የሚቆምበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ እምነት ሲያጣ ዘመድ ያለው ሰው በዘመዱ ይቀጠራል፤ መድረሻ የሚያጣው ከዚያ ወረቀት ሌላ ምንም የሌለው ነው።

ሽምደዳን በጅምላ እንደማወግዝ የሚያስብ አንባቢ ካለ ተሳስቷል። የፖርት ቁጥሮችን፣ የሰብኔት (የአድራሻ ክፍፍል) ሠንጠረዥን፣ ትእዛዞችን በቃል መያዝ ግድ ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዳዊትና ዜማ በቃል ይጠናሉ፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ተማሪው ሕጉን ይዞ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ቢነግር ተቀኘ አይባልም። ቃል ማጥናትና መቀኘት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን አባቶቻችን ለይተው ያወቁት ነገር ነው። ኔትወርክ ላይም ብልሽት ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ትናንት ራውተር የሰካው ሠራተኛ ነገ የኬብሉን ሁለት ጫፍ አንድ ስዊች ላይ ይሰካል።

በተግባር መፈተን እንደሚቻል ደግሞ ከፈተናዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ሲሲአይኢ የተባለው የሲስኮ ከፍተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬ 8 ሰዓት የሚፈጅ የላብ ፈተና አለው። የሬድ ሃት የሊነክስ አስተዳዳሪዎች ፈተና አንድም የምርጫ ጥያቄ የለውም፤ ተፈታኙ ማሽን ይሰጠዋል፣ ሥራ ይታዘዛል፣ ከ300 ነጥብ 210 ማምጣት አለበት፤ ያስተካከለው ነገር ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ካልቀጠለ ነጥብ አያገኝም። በአገራችንም ቢሆን የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች የሚወስዱት የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ከጽሑፉ ጋር የተግባር ክፍል አለው። የሐሳቡ ባይተዋሮች አይደለንም ማለት ነው።

ስለዚህ ቀጣሪዎችን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። ሰርተፊኬቱን ለመጀመሪያው ማጣሪያ ተጠቀሙበት፤ የማጣሪያ ዋጋው እውነተኛ ነው፤ ነጥቡን ግን እጩዎችን ለማበላለጥ አትጠቀሙበት። የመጨረሻዎቹን ሦስትና አራት ሰዎች አሮጌ ስዊች ፊት አስቀምጧቸው። ከአገልግሎት የወጣ ስዊች በየመጋዘኑ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እሱም ከሌለ ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የሲስኮ መለማመጃ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በአንድ ተራ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሙሉ ቢሮ ሠርቶ፣ አንድ ስህተት ውስጡ ደብቆ መስጠት ይቻላል። ስህተቱን በየዙሩ ቀይሩት፤ ያለበለዚያ በሁለተኛው ወር ያም በቴሌግራም ይደርሳል። መልሱን ብቻ ሳይሆን ተፈታኙ መጀመሪያ ምን እንደጠየቀ፣ የቱን ነገር ከየቱ እንዳነጻጸረ፣ ሳያውቅ ሲቀር ምን እንዳደረገ የሚጽፍ አንድ ባለሙያ አጠገቡ ይቁም። እኛ ለልጅቷ ከሰጠናት ነጥብ ትልቁ ትእዛዙ ጠፍቷት ሳለ የጥያቄ ምልክቱን በመምታቷ የሰጠናት ነው።

ጨረታ የምታወጡ መሥሪያ ቤቶችም የሰርተፊኬት ቅጂ ከመቁጠር በተጨማሪ፣ ስማቸው በሰነዱ ላይ ከሰፈረ ባለሙያዎች አንዱ በገምጋሚዎች ፊት ቀርቦ አንድ ሥራ እንዲሠራ የሚያስገድድ አንቀጽ ብታስገቡ፣ የተከራዩ ሲቪዎች በራሳቸው ጊዜ ከሰነዶቹ ይጠፋሉ።

ልጁን አልቀጠርነውም። ከመሄዱ በፊት ግን በር ላይ አግኝቼው አሮጌዋን ስዊች ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ሊለማመድባት እንደሚችል ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን ሁለት ቅዳሜ መጥቷል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም የተግባር ፈተና መስጠት ቢፈልጉና ከምን እንደሚጀምሩ ቢቸግራቸው፣ እኔና ባልደረቦቼ ያዘጋጀናቸውን ስድስት መልመጃዎች ከአሠራር መመሪያቸው ጋር ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ አድራሻችንን ለዝግጅት ክፍሉ ትተናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ
አዲስ አበባ